ለግቢ ጋራዥ የመሣሪያ ሳጥን ስንገዛ ምን እንመልከት?

በአውቶሞቲቭ ቴክኖሎጂ ትምህርት ክፍል የ3ኛ ዓመት ተማሪ

መግቢያ

በዚህ እትም ላነሳ የፈለግሁት ጉዳይ በክፍል ውስጥ ብዙም ጊዜ የማንሰጠው ነገር ነው። ስለ ሞተር፣ ስለ ፍሬን፣ ስለ ማርሽ እንማራለን። ስለ መፍቻ አያያዝም ጥቂት ክፍለ ጊዜ አለን። መፍቻው የሚያድርበት ሳጥን ግን ማንም ትዝ አይለውም። ተመርቀን ስንወጣ ብዙዎቻችን ሥራ የምንጀምረው በቤተሰብ ግቢ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ያጠራቀምናት የመጀመሪያ ገንዘብም የምትሄደው ወደ መሣሪያና ወደ ሳጥን ነው። ስለዚህ ነገሩ ቀላል ቢመስልም ቀላል አይደለም።

እኔ ይህን ትምህርት ያገኘሁት በስህተት ነው። ስህተቱ በራሴ ገንዘብ ቢሆን ባልከፋ ነበር፤ በአጎቴ ገንዘብ ነው የተሳሳትኩት።

1. የቀዩ ሳጥን ታሪክ

አጎቴ የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር ነው። ቀላል ቀላሉን ጥገና እሁድ እሁድ እዚያው ግቢው ውስጥ ራሱ ይሠራል። መሣሪያዎቹን ለዓመታት የሚያስቀምጠው በማዳበሪያ ከረጢትና በአሮጌ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ነበር። አንድ ክረምት ከረጢቱ ውኃ ገባበትና ግማሹ መፍቻ ዛገ። ያኔ ጠራኝና «አንተ የተማርከው ምረጥልኝ፤ አንድ ደህና ሳጥን እንግዛ» አለኝ።

አብረን መርካቶ ወረድን። አንድ ሱቅ ውስጥ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ አራት መሳቢያና ባለ ጎማ ሳጥን አየሁ። ልቤ እዚያው ቀረ። መሳቢያውን ከፈት ዘጋ አደረግሁ፤ ባዶ ስለነበር እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። «ጋሼ፣ ይኼ ነው!» አልኩት። ከፈለ፤ በታክሲው ጭነን ወሰድነው።

በስድስተኛው ወር የታችኛው መሳቢያ ወለሉ ጎብጦ ከሥሩ ካለው ብረት ጋር መፋተግ ጀመረ። ከዚያ አንድ እሁድ አጎቴ የጠፋ ቡሶላ ሲፈልግ ሦስት መሳቢያዎችን አንድ ላይ ስቦ ተዋቸው። ሳጥኑ ወደ ፊት ተደፋ። ትንሹ ልጁ አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ መዶሻው ከእግሩ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ወደቀ። ተመስገን ነው እንጂ ሌላ ነገር በጻፍኩ ነበር።

አጎቴ አልጮኸብኝም። መሣሪያውን እየለቀመ «ኮሌጅ የላክንህ ቀለም እንድታይ ነው እንዴ?» ብቻ አለኝ። ያች ንግግር ከጩኸት ይልቅ አመመችኝ። በሚቀጥለው ቀን ደብተሬን ይዤ ሳጥኑን እንደ አንድ የትምህርት ክፍል ሥራ መመርመር ጀመርኩ። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ምርመራ ውጤት ነው።

2. ከሳጥኑ በፊት መሣሪያው ይመዘን

የመጀመሪያው ስህተቴ ሳጥኑን ያየሁት መሣሪያውን ሳላይ መሆኑ ነው። ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ሳላውቅ ነው «ይኼ ነው» ያልኩት። ከዚያ በኋላ ግን የአጎቴን መሣሪያ በሙሉ በሁለት ከረጢት አድርገን ሰፈር ያለ ወፍጮ ቤት ወስደን አስመዘንን። ባለ ወፍጮው ሳቀብን፤ ቢስቅም መዘነልን። ብረት አታላይ ነው፤ በዓይን ሲታይ ትንሽ፣ በሚዛን ሲታይ ብዙ ነው። ሙሉ የቡሶላ ስብስብ፣ መዶሻዎች፣ ፒንሳና ካቻቢቴ፣ የመፍቻ ረድፍ እያለ ሲደመር ሰው ሊሸከመው የማይችል ጭነት ይሆናል።

እንግዲህ ገበያ ከመውጣታችን በፊት ሦስት ነገር በወረቀት እንጻፍ፦

ሀ. ያሉን መሣሪያዎች ጠቅላላ ክብደት። በሚቀጥሉት ዓመታት መሣሪያ እንደምንጨምር አስበን በዚህ ላይ ግማሹን ያህል እንደምርበት።

ለ. ረጅሙ መሣሪያ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው? የጎማ መፍቻ ወይም ረጅም የቡሶላ እጀታ የማይገባበት ሳጥን ከተገዛ ያ መሣሪያ ዕድሜ ልኩን ውጭ ያድራል።

ሐ. መሣሪያው በአንድ ረድፍ ተዘርግቶ ሲቀመጥ ምን ያህል ቦታ ይፈልጋል? መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፎ መደርደርና መለካት ነው።

ሦስተኛውን ነጥብ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለመፍቻና ለቡሶላ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መሳቢያ ይበቃል። ለፒንሳና ለመዶሻ ከ10 እስከ 15፣ ለትራፓኖና ለግራይንደር ደግሞ ከ20 በላይ ያስፈልጋል። ጥልቅ መሳቢያ ብቻ ያለው ሳጥን ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መሣሪያው አንዱ በአንዱ ላይ ይከመርበታል። የተከመረ መሣሪያ ደግሞ ከከረጢት ምን ለየው?

3. የላሜራው ውፍረት

ሻጭ ሁሉ «ወፍራም ነው» ይላል። ወፍራም ማለት ስንት ነው? በአንዳንድ ሳጥኖች ላይ ውፍረቱ በጌጅ ቁጥር ይጻፋል፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ሲጨምር ላሜራው ይሳሳል እንጂ አይወፍርም። 18 ጌጅ ወደ 1.2 ሚሊ ሜትር፣ 20 ጌጅ ወደ 0.9፣ 22 ጌጅ ደግሞ ወደ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ «ይኼ 22 ነው፣ ያ 18 ብቻ ነው» የሚል ሻጭ ቢያጋጥማችሁ ፈገግ ብላችሁ 18ቱን ጠይቁ።

ምንም ካልተጻፈበት ካሊፐር ይዞ መሄድ ነው። የሚለካው የመሳቢያው ጎን ነው። የተጠቀለለ ጠርዝ ላይ አትለኩ፤ እዚያ ላሜራው ሁለት ጊዜ ስለታጠፈ ያታልላል። ቀለሙም ትንሽ ውፍረት እንደሚጨምር አትርሱ።

ካሊፐር ከሌለስ? ሚዛን አለ። በማቴሪያልስ ትምህርታችን የብረት እፍጋት በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 7.85 ግራም እንደሆነ ተምረናል። ይህ ማለት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነና 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ 7.85 ኪሎ ግራም ይመዝናል ማለት ነው። አንድ ሳጥን ከነመሳቢያዎቹ 4 ካሬ ሜትር ላሜራ አለው እንበል፦

በ0.6 ሚሊ ሜትር፦ 4 × 0.6 × 7.85 = 18.8 ኪሎ ግራም
በ1 ሚሊ ሜትር፦ 4 × 1 × 7.85 = 31.4 ኪሎ ግራም

ሀዲዱንና ጎማውን ሳንቆጥር ልዩነቱ ከ12 ኪሎ በላይ ነው። መጠናቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሳጥኖችን ባዶአቸውን በእጅ ብድግ አድርጎ ማወዳደር ብቻውን ብዙ ይናገራል። እኔ ቀዩን ሳጥን በአንድ እጄ ጎትቼ ሳነሳው «እንዴት ቀላል ነው!» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር።

4. ሀዲዱ፦ የሳጥኑ ልብ

ገንዘባችን ውስን ከሆነና አንድ ነገር ላይ ብቻ እንጨክን ከተባለ፣ በሀዲዱ ላይ እንጨክን እላለሁ። መሳቢያ የሚሄድበት ሀዲድ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ብረት በብረት ላይ የሚፋተግበት ተራ ሀዲድ ነው። ለቀላል ዕቃ ይሆናል፤ ጭነት ሲበዛ ግን ይነክሳል፣ ቀለሙን ይልጣል፣ ከዚያም ይዝጋል። ሁለተኛው በመካከሉ ትናንሽ የብረት ኳሶች ያሉት፣ እንደ ኩሽኔታ የሚሽከረከር ሀዲድ ነው። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው እስከ መጨረሻው የሚወጣ ዓይነት ጥንዱ 45 ኪሎ ግራም ያህል እንዲሸከም ተደርጎ የሚሠራ ነው። ይህ ቁጥር ግን ጭነቱ በመሳቢያው ላይ እኩል ሲሰራጭ ነው፤ ሁሉን ከባድ ነገር ፊት ለፊት ከደረደርነው አይሠራም።

በሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፈተና እንዲህ ነው፦

ሀ. መሳቢያውን እስከ መጨረሻ ስቦ ከፊት ጠርዙን በመዳፍ ወደ ታች ቀስ ብሎ መጫን። ከጎበጠ ወይም ከተንቀጠቀጠ አይሆንም።

ለ. በአንድ ጣት ከቀኝ ጥግ ብቻ፣ ቀጥሎ ከግራ ጥግ ብቻ መሳብ። ደህና ሀዲድ ከጥግም ቢሳብ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ደካማው ይንሸዋረርና ይቆማል።

ሐ. ሱቁ ከፈቀደ መሳቢያው ውስጥ 10 ኪሎ የሚሆን ዕቃ አስገብቶ መሞከር። ባዶ መሳቢያ ሁሉ ጥሩ መሳቢያ ነው፤ እኔ የተሸወድኩት በዚህ ነው።

መ. ሳጥኑን ትንሽ ወደ ፊት ማዘንበል። መሳቢያዎቹ ሳይጎተቱ በራሳቸው ከተከፈቱ የሚይዛቸው ነገር የለም ማለት ነው።

5. ሳጥኑ ለምን ተደፋ?

ይህን ክፍል የጻፍኩት ለትንሹ የአጎቴ ልጅ እግር ስል ነው። ሒሳቡ የስታቲክስ የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው፤ ኃይል ሲባዛ በክንድ።

የሳጥኑ ጥልቀት 45 ሳንቲ ሜትር ነው። የፊት ጎማዎቹ ከፊቱ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተዋል። ሳጥኑ ሲደፋ የሚዞረው በእነዚህ ጎማዎች ላይ ነው። ያለ መሳቢያዎቹ አካሉ 28 ኪሎ ነው፤ የክብደቱ መሃል ከፊት ጎማው 17.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይገኛል። አራቱ መሳቢያዎች ከነመሣሪያቸው እያንዳንዳቸው 12 ኪሎ ናቸው እንበል። አንድ መሳቢያ ሲዘጋ 17.5 ሳንቲ ሜትር ከጎማው ኋላ ሆኖ ሳጥኑን ያረጋጋል። 40 ሳንቲ ሜትር ሲወጣ ግን ከጎማው 22.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ያልፋል፤ ያኔ መጣል ይጀምራል።

ሁለት መሳቢያ ሲከፈት፦
የሚጥል፦ 2 × 12 × 22.5 = 540
የሚያረጋጋ፦ (28 × 17.5) + (2 × 12 × 17.5) = 490 + 420 = 910
ሳጥኑ ይቆማል።

ሦስት መሳቢያ ሲከፈት፦
የሚጥል፦ 3 × 12 × 22.5 = 810
የሚያረጋጋ፦ 490 + (12 × 17.5) = 490 + 210 = 700
ሳጥኑ ይደፋል።

አያችሁ? በሁለትና በሦስት መካከል ነው አደጋው ያለው። መፍትሔውስ? ያንኑ 48 ኪሎ ሳንቀንስ አቀማመጡን ብቻ እንለውጥ። ከታችኛው መሳቢያ 24 ኪሎ፣ ከላይኞቹ ሦስቱ እያንዳንዳቸው 8 ኪሎ ይያዙ። አሁን የላይኞቹ ሦስቱም ቢከፈቱ የሚጥለው 3 × 8 × 22.5 = 540 ሲሆን የሚያረጋጋው 490 + (24 × 17.5) = 910 ነው። ሳጥኑ ንቅንቅ አይልም። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ፣ በአንድ ጊዜ አንድ መሳቢያ ብቻ። ከዚህም ጋር ሳጥኑን ከኋላ በቡሎን ከግድግዳ ጋር ማሰር ነው። ልጅ ባለበት ግቢ ይህ በምርጫ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ስለ ጎማም አንድ ቃል ልጨምር። ጠቅላላ ክብደቱን ለአራት አታካፍሉት፤ ለሦስት አካፍሉት። የግቢ ወለል ሊሾ እንኳ ቢሆን ወጣ ገባ ስላለው ብዙ ጊዜ መሬት የሚነኩት ሦስቱ ናቸው። ሳጥኑና ዕቃው 150 ኪሎ ከሆነ እያንዳንዱ ጎማ ቢያንስ 50 ኪሎ መሸከም አለበት። ከዚያ በፊት ግን ራሳችንን እንጠይቅ፤ ሳጥኑ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ጎማ ለምን አስፈለገ? ለማንጠቀምበት ነገር መክፈል ርካሽ ግዢ አይባልም።

6. ዝገትና ሌባ

ክረምት ላይ መሣሪያ የሚዝገው ዝናብ ስለመታው ብቻ አይደለም። ሌሊት የቀዘቀዘ ብረት ጠዋት እርጥብ አየር ሲያገኘው በላዩ ላይ ጤዛ ይቋጥራል። ስለዚህ ሳጥኑን ከወለል በጡብ ወይም በጣውላ ከፍ ማድረግ፣ ከቆርቆሮው ፍሳሽ ማራቅ፣ መሣሪያውንም ማታ ዘይት በነካው ጨርቅ መጥረግ ይገባል። በሳጥኑ ውስጥም ሆነ አጠገቡ ባትሪ ቻርጅ አታድርጉ፤ ከባትሪው የሚወጣው የአሲድ ትነት ብረት ይበላል፤ የሚወጣው ጋዝም በእሳት ፍንጣሪ ይቀጣጠላል። ስትገዙም የመሳቢያውን ውስጥና የታጠፉትን ጥጎች እዩ። ቀለም ቶሎ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው።

ቁልፉን በተመለከተ፣ የሳጥን ቁልፍ ልጆችንና እጀ ፈጣኖችን ይከለክላል፤ ቆርጦ የመጣ ሌባን ግን አይከለክልም። በስስ ላሜራ ላይ የተገጠመ ቁልፍ በአንድ ካቻቢቴ ይፈለቀቃል። ቆልፋችሁ መሳቢያውን ሳብ አድርጉት፤ ፊቱ ከተለጠጠ ቁልፉ ጌጥ ነው። ገንዘቡን ለጋራዡ በር ማዋል ይሻላል።

7. ርካሽ የቱ ነው?

አንዱ ሳጥን 9,000 ብር ሆኖ አንድ ዓመት ተኩል ያገለግላል፣ ሌላው 18,000 ብር ሆኖ አሥር ዓመት ያገለግላል እንበል። የመጀመሪያው በዓመት 6,000 ብር፣ ሁለተኛው በዓመት 1,800 ብር ወሰደ ማለት ነው። እጃችን ላይ 9,000 ብቻ ካለስ? ያኔ የመጀመሪያውን አንግዛ። ተጣጣፊዋ ባለ አምስት ክፍል የእጅ ሳጥን ለጀማሪ በቂ ናት። ሀዲድ የላትም፣ ጎማ የላትም፣ ስለዚህ የሚበላሽ ነገርም ብዙ የላትም። ክብደቷ ግን በእጅ ከሚነሳው እንዳያልፍ ነው።

እኔ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አለ፤ የሳጥኑ ዋጋ በውስጡ ካለው መሣሪያ ዋጋ አይብለጥ። ጥሩ መፍቻ በተራ ሳጥን ውስጥ ሥራ ይሠራል፤ ተራ መፍቻ በጥሩ ሳጥን ውስጥ ግን ያው የቡሎን ራስ ይበላል። «ይህን ያህል ፍሬ መሣሪያ አብሮ አለው» በሚል ማስታወቂያም አትታለሉ። ቁጥሩን የሚያበዙት ትናንሽ የካቻቢቴ ጫፎች ናቸው።

ሌላው አማራጭ በብየዳ ቤት ማሠራት ነው። እኛም በመጨረሻ ያደረግነው ይህንን ነው። ቀዩን ሳጥን በኪሳራ ሸጥነው። ሀዲዱን ለብቻ ገዝተን በቱቦላሬ ማዕቀፍና በ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ያለ ጎማ፣ ባለ አራት መሳቢያ አሠራን። ለማሠራት ለምታስቡ አንድ ነገር ልምከር። በጎን የሚገጠመው የተለመደው ባለ ኳስ ሀዲድ በእያንዳንዱ ጎን 12.7 ሚሊ ሜትር ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ መሳቢያው ከሚገባበት ክፍት 26 ሚሊ ሜትር ያህል መጥበብ አለበት። ሁለቱ ጎኖችም ትይዩ ይሁኑ። ስስ ላሜራ በብየዳ ሙቀት ይጣመማል፤ በያጁ ነጥብ በነጥብ፣ ቦታ እየቀያየረ እንዲበይድ ለምኑት። የእኛው የመጀመሪያው መሳቢያ በዚህ ምክንያት አልገባ ብሎ ተፈትቶ እንደገና ተሠርቷል።

ማጠቃለያ፦ ባዶዋ ቅርጽ

የመሳቢያዎቹን ወለል ያረጀ የመኪና ምንጣፍ ላስቲክ አነጠፍንበት። በላዩ ላይ እያንዳንዱን መሣሪያ አስቀምጠን ዙሪያውን በነጭ ቀለም ሣልነው። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በአውሮፕላን ጥገና ሥራ ላይ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ቅርጽ የተቀረጸለት ቦታ አለው፤ ሥራ ሲያበቃ አንድ ቦታ ባዶ ከሆነ መሣሪያው እስኪገኝ አውሮፕላኑ አይለቀቅም። አጎቴ መጀመሪያ «የሕፃን ሥዕል አደረግኸው» ብሎ ቀልዶብኝ ነበር።

አንድ እሁድ ማታ ግን ስልክ ደወለ። ሥራውን ጨርሶ መሳቢያውን ሊዘጋ ሲል የ13 ቁጥሯ ቅርጽ ባዶ ናት። ባትሪ ጨብጦ ወደ ሚኒባሱ ተመለሰ። መፍቻዋ የተገኘችው ባትሪው ላይ፣ ከፖዘቲቩ ራስ አጠገብ ተጋድማ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሰው ጭኖ ሊወጣ ነበር። በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ መፍቻዋ ብትንሸራተትና የባትሪውን ራስ ከቦዲው ጋር ብታገናኘው ምን ይፈጠር እንደነበር ለእናንተ ለክፍሌ ልጆች አላስረዳም።

«ጋሼ፣ ሳጥኑ እንዴት ነው ታዲያ?» አልኩት።

«ሳጥኑስ ደህና ነው» አለኝ። «ቀለሙ ግን ትንሽ ቀይ ቢሆን ኖሮ።»

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጥሩ ሳጥን ማለት ምን እንዳለን ብቻ ሳይሆን ማታ ላይ ምን እንደጎደለን የሚነግረን ነው። ገበያ ስትወጡ ሚዛናችሁንና ካሊፐራችሁን ያዙ፤ ልባችሁን ግን ቤት አስቀምጡት። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።